ዩኒቨርሲቲ የተተከለባቸው ከተሞች፦ ትምህርት የአካባቢን ኢኮኖሚ የሚያሳድገው በየትኛው በር ገብቶ ነው?

(በማኅበራችን የፖሊሲ ውይይት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል። «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ትምህርት ቤቶችና የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በከተሞችና በክልሎች ኢኮኖሚ ላይ ያላቸው ተጽዕኖ ነው። ርእሱ ሰፊ ቢሆንም ወደዚህ መድረክ ያመጣው ጉዳይ ግን ጠባብና ተጨባጭ ነው። በሥራ አስፈጻሚው ፊት ሁለት የውሳኔ ሐሳቦች ቀርበዋል። የመጀመሪያው፣ የትውልድ አካባቢ ማኅበራት በአንድነት ሆነው ዩኒቨርሲቲ ላልደረሳቸው አካባቢዎች አዲስ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቅርንጫፍ ግቢ እንዲከፈት መንግሥትን ይጠይቁ፣ ለግንባታውም መዋጮ ያሰባስቡ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያው ጉልበትና ያው ገንዘብ ዩኒቨርሲቲ ባለባቸው ከተሞችና በዙሪያቸው ለሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይዋል ይላል። እኔ ሁለተኛውን እደግፋለሁ። አቋሜን አስቀድሜ የተናገርሁት አድማጭ ተናጋሪው ወዴት እንደሚሄድ አውቆ ቢያዳምጥ ለሙግትም ስለሚመቸው ነው።

ለዩኒቨርሲቲ ያለን ፍቅር ከየት እንደመጣ መረዳት አያስቸግርም። በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ ወሰን ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ስምና ማዕረግ የነበራቸው አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። በ1999ና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ብቻ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ወላይታ ሶዶ፣ ሰመራና ጅግጅጋ ከእነዚያ መካከል ናቸው። ቀጥሎ እንደ ወልድያ፣ አሶሳና ወልቂጤ ያሉት፣ ከዚያም እንደ እንጅባራ፣ ደባርቅና ጂንካ ያሉት ተከተሉ። ከአንድ ትውልድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዲህ ያለ መስፋፋት ያየ አገር ብዙ አይደለም።

መስፋፋቱም ፍትሕ ነበረው። ከዚያ በፊት የጂንካ ወይም የሰመራ ልጅ ከፍተኛ ትምህርት ለማየት አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። መንገድ፣ መብራትና የባንክ ቅርንጫፍ ለብዙ ከተሞች የደረሳቸው ዩኒቨርሲቲው ሲመጣ ነው። ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው «ለእኛስ መቼ ነው?» ብለው መጠየቃቸው የዋህነት አልነበረም፤ የመንግሥት በጀት በየት በኩል እንደሚወርድ በትክክል ስለገባቸው ነው። ይህን ሳልቀበል ወደ ነቀፋ ብገባ ሐቀኛ አልሆንም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ። ዩኒቨርሲቲ የአንድን አካባቢ ኢኮኖሚ የሚነካው በሦስት በሮች ነው፦ በሚያወጣው ወጪ፣ በሚያፈራው ሰው እና በሚያመነጨው ዕውቀት። ከእነዚህ ሁሉ ዓይን የሚያየው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ እስቲ እርሱን ጠጋ ብለን እንመልከተው።

ለረጅም ዓመታት የአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን የምግብ በጀት 15 ብር ነበር። በኋላ 22 ብር ሆነ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 100 ብር ከፍ እንዲል ተወሰነ። አሥር ሺህ ተማሪ በግቢው የሚመግብ አንድ ዩኒቨርሲቲ እናስብ። በ15 ብር ስሌት በወር 4.5 ሚሊዮን ብር፣ በ100 ብር ስሌት 30 ሚሊዮን ብር ለምግብ ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ለአንድ መካከለኛ ከተማ ይህ ትልቅ ገበያ ነው። ጥያቄው ገበያው የማን ነው የሚለው ነው።

የምግብ ግዥው የሚፈጸመው በጨረታ ነው። ጤፉ፣ በርበሬው፣ ዘይቱ፣ ሥጋው በብዛት ተጠቅልሎ በትልልቅ ሎት ይወጣል። ተጫራቹ የጨረታ ማስከበሪያ ያስይዛል፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባ ያቀርባል፣ ክፍያው እስኪለቀቅለት ወራት የሚያስጠብቅ ካፒታል ሊኖረው ይገባል። ከግቢው አጥር ማዶ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ይህን አታሟላም። የዙሪያው ገበሬም አያሟላም። እርግጥ ነው፣ በግዥ ሕጉ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉ፤ ሎቱ ግን ከአቅማቸው በላይ ተጠቅልሎ ከወጣ ልዩ አስተያየቱ ወረቀት ላይ ይቀራል። አሸናፊው ነጋዴ ብዙ ጊዜ ከትልቅ ከተማ የመጣ ነው፤ ትርፉም ወደ መጣበት ይመለሳል።

ከዚህ ጋር ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉትን አሠራር አወዳድሩት። በግቢው ካፌ የማይመገብ ተማሪ የምግብ በጀቱን በወሩ በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ በ15 ብሩ ዘመን 450 ብር መሆኑ ነው። ያ 450 ብር በማግሥቱ ሽሮ ቤት፣ እንጀራ ጋጋሪ ዘንድ፣ ፎቶ ኮፒ ቤትና ሱቅ ውስጥ ነበር። በብር ቁጥር አንድ ዓይነት የሆነ ገንዘብ በአንደኛው መንገድ ከተማዋን ሳይነካ ያልፋል፣ በሌላው መንገድ እጅ ለእጅ ይዞራል። የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን የወጪ ብዜት ይሉታል፤ የከተማዋ ሰው ግን ስም ሳያወጣለት ያውቀዋል። ተማሪው ለክረምት ሲበተን የትኛው ቤት እንደሚዘጋ ማየት ብቻ በቂ ነው።

ወጪው የሚያመጣው ጥቅም ብቻ እንዳልሆነም እናንሣ። መምህራኑና የአስተዳደር ሠራተኞቹ ቤት ሲከራዩ ኪራይ ይወደዳል፤ ባለቤቱ ያገኛል፣ በዝቅተኛ ደመወዝ የሚኖረው የወረዳ ሠራተኛ ወደ ዳር ይገፋል። ግቢው ያረፈበት መሬት ደግሞ የአንድ ሰው እርሻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 መሠረት ይዞታው በቋሚነት የተወሰደበት ገበሬ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሳ ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። አሥር ዓመት የሚያኖር ይመስላል። ነገር ግን ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ይመጣል፣ የዋጋ ንረት ይበላዋል፣ ልጆቹ ደግሞ በተወሰደው መሬት ላይ የግቢ ጥበቃና የቀን ሠራተኛ ሆነው ይቀራሉ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስሌቱን ቢያሻሽልም ቀድሞ የተነሣውን አይመልስም።

የወጪ በር ሌላም ድክመት አለው፤ በአንድ ቀን ሊዘጋ ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲሸኙ ይህ ታየ። በትግራይ ጦርነት የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ሲቋረጥ ታየ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉና ግጭቱ በሌሎችም ግቢዎች ሲዛመት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው ሲመለሱ ታየ። የሰው ሕይወት ከዳቦ ቤት ኪሳራ ጋር አይነጻጸርም። ሆኖም ወላጅ ልጁን ለመላክ የሚፈራበት ግቢ ለከተማውም ተስፋ እንደማይሆን ፖሊሲ አውጪ ሊያውቀው ይገባል።

ከዚህ ሁሉ ግን ጥልቁ ድንጋጤ የመጣው ከወረርሽኝም ከጦርነትም አይደለም፤ ከፈተና ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ጥብቅ ቁጥጥር እየተደረገበት ተሰጠ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል አለ፤ ነገር ግን ከአሥር ተፈታኝ አንድ እንኳ የማያልፍበት አገር ከ40 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችን በምን ይሞላል? መንግሥት ለጊዜው ያገኘው መልስ የማካካሻ ትምህርት ነው፤ ግማሽ ያላመጡትን በዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት እያስተማረ እንደገና ይፈትናቸዋል። ይህ ለግቢዎቹም ለከተሞቹም የመተንፈሻ ጊዜ ሰጥቷል። ከዚያ ያለፈ መፍትሔ ነው ብዬ ግን አላምንም። የዩኒቨርሲቲ መምህርና የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ትምህርት ለመድገም መዋሉ እጅግ ውድ መንገድ ነው።

አንድ ቁጥር በተለይ እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ፤ ተማሪ ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ 43 ያህሉ ማለት ነው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚገኙት በሌላ ፕላኔት ላይ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ በተተከለባቸው ዞኖችና ወረዳዎችም ውስጥ ናቸው። እንግዲህ ነገሩን በዚህ ዓይን እንየው፦ ግቢው በከተማዋ ኮረብታ ላይ አለ፤ የከተማዋና የዙሪያዋ ልጅ ግን በበሩ የሚያልፈው ለጥበቃ፣ ለጽዳት ወይም ለልብስ አጠባ ነው። ተማሪው ከሌላ ክልል በምደባ ይመጣል፣ አራት ዓመት ይቆያል፣ ይሄዳል።

ይህ ለምን እንደሚያሳስበኝ ለማስረዳት ጥናቶቹ የሚሉትን ባጭሩ ላቅርብ። አና ቫሌሮና ጆን ቫን ሪነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ78 አገሮች የሚገኙ ወደ 15,000 የሚጠጉ ዩኒቨርሲቲዎችን መረጃ ሰብስበው የየክልሉን ኢኮኖሚ አጥንተዋል። በአንድ ክልል ከሕዝቡ ብዛት አንጻር የዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በ10 በመቶ ሲጨምር የነፍስ ወከፍ ምርቱ በኋላ በ0.4 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ ደርሰውበታል። የመጀመሪያውን የውሳኔ ሐሳብ ያቀረቡት ወገኖች ይህንን ጥናት ጠቅሰዋል፤ መጥቀሳቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን እነዚሁ ተመራማሪዎች ዕድገቱ የመጣው ግቢው ከሚያወጣው ወጪ ብቻ እንዳልሆነና ከተማረው የሰው ኃይልና ከፈጠራ ሥራ ጋር እንደሚያያዝ ጨምረው አሳይተዋል። ማለትም ጥቅሙ በሁለተኛውና በሦስተኛው በር ይገባል።

የሁለተኛውን በር ጉልበት ኤንሪኮ ሞሬቲ በአሜሪካ ከተሞች ላይ ባደረገው ጥናት አሳይቶታል። በአንድ ከተማ የኮሌጅ ምሩቃን ድርሻ በአንድ መቶኛ ነጥብ ሲጨምር ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሱት ሠራተኞች ደመወዝ በ1.9 በመቶ፣ የጨረሱት በ1.6 በመቶ፣ የምሩቃኑ የራሳቸው በ0.4 በመቶ ያድጋል። ማስተዋል ያለብን ይበልጥ የተጠቀመው ያልተማረው ሰው መሆኑን ነው። ሁኔታው ግን አንድ ነው፦ ምሩቁ በከተማው መኖር አለበት። የተመረቀና የሄደ ሰው በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። እኛ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው ብዙዎቻችን፣ በጎንደርም በሐረማያም በጅማም የተማርን፣ የሄድነው ነን።

ትምህርት ቤትን በተመለከተ ደግሞ ከኢንዶኔዥያ የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት የኢንዶኔዥያ መንግሥት ከነዳጅ ባገኘው ገቢ ከ61,000 በላይ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ሠራ። አስቴር ዱፍሎ ከዓመታት በኋላ ስትመረምረው፣ ለአንድ ሺህ ሕፃናት አንድ ተጨማሪ ትምህርት ቤት መሠራቱ የልጆቹን የትምህርት ዘመን ከ0.12 እስከ 0.19 ዓመት፣ ኋላ ሲያድጉ ያገኙትን ደመወዝ ደግሞ ከ1.5 እስከ 2.7 በመቶ እንዳሳደገው አገኘች። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን የሕዝብ ሁሉ ደመወዝ ነው፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ነው፣ የጨረታ ነጋዴም ወደ ሌላ ከተማ ይዞት አይሄድም።

የውጭውን ጥናት ወደ ጎን ብንተወው እንኳ የራሳችን ታሪክ ይበቃን ነበር። ባሕር ዳርን ተመልከቱ። በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ። በቀጣዩ ዓመት የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተከተለ። ፖሊቴክኒኩ ካስተማራቸው ሙያዎች መካከል የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ፣ የብረታ ብረት፣ የእንጨት ሥራና የኤሌክትሪክ ሙያ ይገኙ ነበር። ትምህርቱ፣ ፋብሪካውና ኃይሉ በአንድ ከተማ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ፣ እርስ በርስ እየተያዩ ተተከሉ። ተመራቂው ከግቢው ወጥቶ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ መሄድ አላስፈለገውም። ባሕር ዳር ዛሬ የደረሰችበት የደረሰችው ሐይቅና ዘንባባ ስላላት ብቻ አይደለም።

ጎንደርም እንዲሁ። የሕዝብ ጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈት መነሻው የአካባቢው ችግር፣ በተለይም በደምቢያ የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው በወረዳ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ተቋሙ ለምን እንደተከፈተ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከግቢው አጥር ውጭ ያገኝ ነበር።

ሐረማያ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1952 በተፈረመ ስምምነት በኦክላሆማ የእርሻና ሜካኒካል ኮሌጅ ድጋፍ ነው። ያ ኮሌጅ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሞሪል ሕግ ልጅ ነው። ሕጉ ለየክፍለ ግዛቱ በኮንግረስ ባለው ወንበር ልክ ለእያንዳንዱ ወንበር 30,000 ኤከር የመንግሥት መሬት ሰጥቶ፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ እርሻና ሜካኒክ የሚያስተምር ኮሌጅ እንዲቋቋም አደረገ። (መሬቱ ከማን የተወሰደ እንደነበር የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ይነግሩናል፤ ግቢ በሰው መሬት ላይ መትከል የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም።) የዚያ ሥርዓት ጥንካሬ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ቤት ውስጥ መሆናቸው ነበር። ዓለማያም በመጀመሪያ ሦስቱንም ይዞ ተነሣ። በኋላ ግን የኤክስቴንሽን ሥራው ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ፣ አገራዊው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1966 ለተቋቋመው የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ተሰጠ። ኮሌጁ ትልልቅ ምሁራን ማፍራቱን ቀጠለ፤ ከዙሪያው ገበሬ ጋር ያገናኘው የነበረው ሕጋዊ ድልድይ ግን ጠበበ። የዕውቀት በር የሚዘጋው እንዲህ ነው፤ ማንም ሳይከፋ፣ በመዋቅር ማስተካከያ።

በቅርቡ ዘመን ስለተከፈቱት ስናገር ቃላት ማለሳለስ አልፈልግም። ብዙዎቹ የተከፈቱት በአካባቢው ምን ሥራ አለ ተብሎ ተጠይቆ አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ 70 በመቶው ተማሪ በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስ ይመደብ ሲባል፣ ወርክሾፕ ያላለቀላቸው ግቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ የምሕንድስና ተማሪዎችን ተቀበሉ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት ያለፉት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። ደብረ ብርሃን በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል አላት፤ ለአዲስ አበባ ቅርብ ናት፣ ቢራ ፋብሪካዎችና የኢንዱስትሪ ፓርክ አሏት፣ ምሩቁም አሠሪውም በአንድ ከተማ ሊገናኙ ይችላሉ። ፋብሪካ በሌለበት የተተከለ የምሕንድስና ኮሌጅ ግን የአውቶቡስ መናኸሪያ ይሆናል።

አሁን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትሠሩት እህቶቻችን አንድ ነገር ልናገር፤ ጉዳዩ ከማንም በላይ እናንተን ይነካልና። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲታወጅ፣ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄድ ሰው 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ዓላማው ጥበቃ ነው። ሆኖም በወሎም በጅማም በአርሲም ባሉ ብዙ ገጠሮች 8ኛ ክፍል የትምህርት መንገድ መጨረሻ ተደርጎ መታየቱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። አንዲት ልጅ ስምንተኛን ጨርሳ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤሩት ብትሄድ ቤተሰቡ ቆርቆሮ ይመታል፣ ታናሿ ይማራል። ዘጠነኛ ብትገባ፣ ሄዳ የምትደርስበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ ካላሳለፉት አንዱ ከሆነ፣ አራት ዓመት ቆጥራ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በዚህ ስሌት የተሳሳተችው ልጅቷ አይደለችም። ስሌቱን የሚለውጠው የስደትን አስከፊነት የሚያስተምር ፖስተር ሳይሆን የሚያስተምር የሒሳብ መምህር ነው። እናንተ የምትልኩት ገንዘብ የዚያን ወረዳ ገበያ ተሸክሞት ቆሟል፤ ስለዚህ የወረዳው ትምህርት ቤት ምን ይሁን በሚለው ላይ ድምፃችሁ ከማንኛውም ባለሀብት ያነሰ ሊሆን አይገባም።

«ዩኒቨርሲቲ የሌለው አካባቢ ይረሳል» የሚለውን መከራከሪያ በዚህ ሳምንት ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። እውነትነት አለው። ነገር ግን መንግሥት ራሱ አቅጣጫ እየቀየረ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችን የምርምር፣ የተግባራዊ ሳይንስና አጠቃላይ እያለ በተልእኮ ለይቷል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በአዋጅ ቁጥር 1294/2015 መሠረት ራስ ገዝ ሆኗል፣ ሌሎችም እንዲከተሉ ታስቧል። ራስ ገዝነት ማለት ከተማሪ ክፍያና ከራስ ገቢ ጋር መኖርን መማር ነው። በዚህ ሰዓት አዲስ ግቢ መጠየቅ ያለፈውን ዘመን ፖሊሲ መጠየቅ ይሆናል። ለግንባታ የምናዋጣው ገንዘብ አንድ ሕንፃ ያቆም ይሆናል፤ የሕንፃውን መምህር ደመወዝ ግን በየዓመቱ ልናዋጣ አንችልም።

በአንጻሩ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች ለከተሞቻቸው የሚገባቸውን እንዲያደርጉ መጠየቅ የምንችለውና ያልጠየቅነው ጉዳይ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትን ተልእኮ አድርጎ አስቀምጧል። ከተማው ውኃ፣ መንገድና የደረቅ ቆሻሻ አገልግሎት ያቀርባል፤ ግቢው ደግሞ የፌዴራል ተቋም በመሆኑ ተጠሪነቱ ወደ ላይ እንጂ ወደ ከተማው አይደለም። በአሜሪካም ተመሳሳይ ቅሬታ አለ። የል ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት የሚያውለው ንብረቱ ከግብር ነፃ በመሆኑ ከኒው ሄቨን ከተማ ጋር ለዓመታት ሲከራከር ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በስድስት ዓመት ውስጥ በፈቃደኝነት ይከፍል በነበረው ላይ 52 ሚሊዮን ዶላር ለመጨመር ተስማማ። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ያለ ሀብት የላቸውም። ግን ከገንዘብ በቀር ሌላ የሚሰጡት አላቸው፤ ቤተ ሙከራ አላቸው፣ ቤተ መጻሕፍት አላቸው፣ በመቶ የሚቆጠሩ የሒሳብ፣ የፊዚክስና የእንግሊዝኛ መምህራን አሏቸው። የከተማው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ቤተ ሙከራ ቢሠራ የሚጨምረው ወጪ የኬሚካልና የጥበቃ ትርፍ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው የውሳኔ ሐሳብ ቢጸድቅ በምን መልክ እንዲሆን እንደምመክር ልናገርና ላብቃ። ገንዘቡ ግድግዳ ላይ አይዋል። የመማሪያ ክፍል በመንግሥትም በወላጅ መዋጮም ሲሠራ ኖሯል፤ የጎደለው በገጠር ከተማ የሚቆይ የሳይንስና የሒሳብ መምህር ነው፣ መምህሩን የሚያስቀረው ደግሞ በአብዛኛው የመኖሪያ ቤት ነው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ስድስት ክፍል የመምህራን መኖሪያ መሥራት ሁለት ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ከመሥራት ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ። ያገለገሉ መጻሕፍትና ኮምፒውተሮችን በኮንቴይነር ከመላክ እንቆጠብ፤ የማጓጓዣውና የጉምሩኩ ወጪ ብቻ የአንድ ቤተ ሙከራ ዕቃ ከአገር ውስጥ ይገዛል።

ከገንዘቡ ጎን ሁለት የፖሊሲ ጥያቄዎችን ለሚመለከታቸው አካላት በጽሑፍ እናቅርብ። አንደኛው ለትምህርት ሚኒስቴር ነው፦ የ12ኛ ክፍል ውጤት በየትምህርት ቤቱና በየወረዳው ተዘርዝሮ፣ ከመምህራን ቁጥርና የትምህርት ደረጃ ጋር፣ ማንኛውም ዜጋ አውርዶ ሊያነበው በሚችል መልክ በየዓመቱ ይውጣ። ሁለተኛው ለገንዘብ ሚኒስቴርና ለዩኒቨርሲቲዎቹ ቦርዶች ነው፦ የምግብ ግዥ ሎቶች ተከፋፍለው ቢያንስ እንጀራ፣ አትክልትና ጥራጥሬ የአካባቢ ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የሴቶች ማኅበራት ሊወዳደሩበት በሚችሉት መጠን ይውጡ፣ ክፍያቸውም በ30 ቀን ውስጥ ይለቀቅ። የተማሪው የቀን በጀት ወደ 100 ብር ከፍ ባለበት በዚህ ጊዜ ይህን አለመጠየቅ ትልቅ ዕድል ማሳለፍ ነው።

ለመጀመሪያው ዓመት ሦስት ከተሞች ብቻ እንዲመረጡ አሳስባለሁ። መምረጫውም የአባሎቻችን ቁጥር ወይም የትውልድ አካባቢያችን አይሁን፤ ዩኒቨርሲቲ ያለበት፣ በዙሪያው አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት የሚገኝበት፣ ዩኒቨርሲቲውም ቤተ ሙከራውን ለመክፈት በጽሑፍ የተስማማበት ከተማ ይሁን። በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ያለፉ ተማሪዎች ቁጥር ካልጨመረ ሥራ አስፈጻሚው ገንዘቡን ወደ ሌላ እንዲያዞር የሚያስችል አንቀጽ በውሳኔው ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ። ረቂቁ በእጃችሁ ካለው ሰነድ በሁለተኛው አባሪ ላይ ይገኛል፤ ጥያቄዎቻችሁንና ተቃውሞዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።